የአንድ ቀን ድልና የሦስት ወር ናፍቆት

እንደ ልማዳችን ለዚህ ሳምንት የቤተሰብ ዓምድ ከጨዋታ መካከል አንድ ቁም ነገር ለቅመን ቀርበናል። የዛሬው ጨዋታ የተነሣው ግን ከጦር ሠፈራችን አጥር ርቆ፣ በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ፣ ናካዋ በተባለው ሠፈር፣ በአንድ የአገር ልጅ ቤት ነው። ነገሩ የብስክሌት ውድድርን ይመለከታል። የብስክሌት ወሬ ለወታደርና ለወታደር ሚስት ምን ይፈይዳል የሚል ቢኖር፣ ፍርዱን እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ እንዲያቆይልን እንለምናለን።

ናካዋ ከከተማው መካከል በስተ ምሥራቅ፣ ወደ ጂንጃ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ፣ ገበያዋ የሞቀ ሠፈር ናት። በኡጋንዳ ብስክሌት ከስፖርት ዕቃነቱ ይልቅ የእንጀራ ገመድነቱ ይበልጣል። ማቶኬ የሚባለውን፣ ተቀቅሎ የሚበላውን ጥሬ ሙዝ ከነዘለላው ግራና ቀኝ አስሮ፣ በእግሩ እየሄደ ብስክሌቱን ዳገት የሚገፋ ሰው በዚያ አገር መንገድ የተለመደ ትርኢት ነው። ዛሬ በምሥራቅ አፍሪካ የሞተር ብስክሌት ታክሲ መጠሪያ የሆነው «ቦዳ ቦዳ» የሚለው ቃልም የተወለደው ከዚሁ የብስክሌት ሥራ ነው። በኡጋንዳና በኬንያ ወሰን ላይ መንገደኛን ከአንደኛው ኬላ ወደ ሁለተኛው በብስክሌት የሚያመላልሱ ሰዎች «ድንበር ለድንበር» ለማለት በእንግሊዝኛ ይጣሩ ስለ ነበር፣ ጥሪው ስም ሆኖ ቀረ።

እንግዲህ በዚህችው ናካዋ፣ መስከረም 18 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በመስቀል ማግሥት እሑድ፣ በእንግድነት ተቀምጠናል። አባወራው ቀድሞ ወታደር የነበረ፣ አሁን በንግድ የሚተዳደር ጎልማሳ ነው። እማወራዋ ቡና ታፈላለች። ቴሌቪዥኑ ከጎረቤት አገር፣ ከሩዋንዳ ዋና ከተማ ከኪጋሊ፣ የዓለምን የመንገድ ብስክሌት ሻምፒዮና ያሳያል። ይህ ሻምፒዮና በአፍሪካ ምድር ሲካሄድ ያ የመጀመሪያው ነበር። ወንዶቹ 267 ኪሎ ሜትር ተኩል የሆነውን መንገድ፣ የኪጋሊን ኮረብቶች እየወጡና እየወረዱ ሲያበቁ፣ ከመጨረሻው መስመር የደረሱት 30 ብቻ ነበሩ። ሁሉንም ጥሎ ብቻውን የገባው የስሎቬኒያው ተወላጅ ታዴይ ፖጋቻር ነው።

አባወራው ሲኒውን አስቀምጦ፣ «በአንድ ቀን ውድድር ከዚህ ሰው የሚበልጥ አልተፈጠረም!» ሲል ፈረደ። እማወራዋ ፍሙን እያራገበች፣ «የጎረቤታችን ልጅ ቢንያምስ? እርሱን የት ልታስቀምጠው ነው?» ስትል ጠየቀች። የኤርትራዊው የቢንያም ግርማይ ስም በዚያን ቀን ከአሸናፊዎቹ መካከል አልተጠራም። ይሁን እንጂ ጥያቄዋ ከአቦል እስከ በረካ አከራከረን። ለዛሬ ይዘን የቀረብነውም ያንኑ ክርክር ነው።

በመጀመሪያ መለኪያውን እናስቀምጥ። የመንገድ ብስክሌት ውድድር በሁለት ይከፈላል። አንደኛው እንደ ቱር ደ ፍራንስ ያለው፣ ሦስት ሳምንት ያህል የሚቆየው ነው፤ በዚያ ዛሬ የተሸነፈ ነገ ሊካስ ይችላል። ሁለተኛው በአንድ ቀን ተጀምሮ በአንድ ቀን የሚያበቃው ነው። በዚህኛው ለነገ የሚባል ነገር የለም። ጎማ የፈነዳበት፣ ነፋስ ያሳሳተው፣ ለአንድ አፍታ የተዘናጋ ሁሉ ዕድሉን ለመሞከር ዓመት ይጠብቃል። ከእነዚህ የአንድ ቀን ውድድሮች መካከል አምስቱ በዕድሜያቸውና በክብራቸው ከሌሎቹ ተለይተው «ሐውልቶች» ይባላሉ። እነርሱም እ.ኤ.አ. በ1892 የተጀመረው የቤልጅየሙ ሊዬዥ–ባስቶኝ–ሊዬዥ፣ በ1896 የተጀመረው የፈረንሳዩ ፓሪ–ሩቤ፣ በ1905 የተጀመረው የኢጣሊያው ሎምባርዲያ፣ በ1907 የተጀመረው፣ የኢጣሊያው ሚላን–ሳን ሬሞ፣ እንዲሁም በ1913 የተጀመረው የቤልጅየሙ ፍላንደርስ ናቸው።

አምስቱ አንድ ዓይነት ጠባይ የላቸውም። ሚላን–ሳን ሬሞ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ አብዛኛው ሜዳ ሆኖ ፍርዱ የሚሰጠው በባሕሩ ዳር ባሉት የመጨረሻ አጫጭር ዳገቶች ላይ ነው። ፍላንደርስ በእኛ አገር ኮብልስቶን የምንለው ድንጋይ የተነጠፈባቸው አጫጭርና ቀጥ ያሉ አቀበቶች ይበዙበታል። ፓሪ–ሩቤ አቀበት የለውም፤ በምትኩ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ በሚሆን ያረጀ የእርሻ መንገድ ድንጋይ ላይ አጥንት ያስቆጥራል። ሊዬዥ ረጃጅም የደን ዳገቶች አሉት። ሎምባርዲያ ደግሞ በመጸው ወራት በሐይቆች ዙሪያ በተኮለኮሉ ተራሮች ላይ የሚደረግ ነው። ለአንዱ የተፈጠረ ጉልበት ለሌላው አይበቃም። ስለዚህ የአንድ ቀን ጀግና የሚለካው ስንት ጊዜ አሸነፈ በሚለው ብቻ ሳይሆን፣ በስንት ዓይነት መሬት ላይ አሸነፈ በሚለውም ጭምር ነው።

በዚህ ሚዛን ላይ የቤልጅየሙን ኤዲ መርክስን የሚስተካከለው አልተገኘም። መርክስ ሚላን–ሳን ሬሞን 7 ጊዜ፣ ሊዬዥን 5 ጊዜ፣ ፓሪ–ሩቤን 3 ጊዜ፣ ፍላንደርስንና ሎምባርዲያን ሁለት ሁለት ጊዜ አሸንፏል፤ ሲደመር 19 ይሆናል። ለሌላው ምንም የማይተው በመሆኑ «ሰው በላው» የሚል ቅጽል ወጥቶለት ነበር። እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ማብቂያ ድረስ ከእርሱ ቀጥሎ የነበረው የአገሩ ልጅ ሮጀር ደ ቭላሚንክ 11 ጊዜ አሸንፏል፤ ከነዚህ አራቱ በፓሪ–ሩቤ የተገኙ ናቸው። ሌላው ቤልጅየማዊ ሪክ ቫን ሎይ በቁጥር ያነሰ፣ 8 ድል ብቻ ያለው ሲሆን፣ አምስቱንም ሐውልቶች ግን አንድ በአንድ ቀምሷል። እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ማብቂያ ድረስ አምስቱን ሁሉ ያሸነፉት እነዚሁ ሦስቱ ብቻ ነበሩ። ፖጋቻር በዚያው ዓመት ማብቂያ 10 ድል ነበረው፤ ፍላንደርስን 2፣ ሊዬዥን 3፣ ሎምባርዲያን ደግሞ በተከታታይ 5 ጊዜ። ሚላን–ሳን ሬሞና ፓሪ–ሩቤ ግን እስከዚያን ጊዜ አልተበገሩለትም ነበር። እንግዲህ አባወራችን «አልተፈጠረም» ማለቱ ጥቂት ሳይቸኩል አልቀረም። ይህን ስንነግረው፣ «እሺ፣ መርክስ ይቅደም፤ ከዚያ በኋላ ግን አልከራከርም» ብሎ ተረታ።

ቶናው ሲቀዳ ወደ ቢንያም ዞርን።

ቢንያም ግርማይ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2 ቀን 2000 በአሥመራ ተወለደ። መስከረም 2021 በቤልጅየም ሉቨን ከተማ ከ23 ዓመት በታች በሆኑት የዓለም ሻምፒዮና ሁለተኛ ወጥቶ የብር ሜዳልያ ሲያጠልቅ፣ ከጥቁር አፍሪካውያን በመንገድ ብስክሌት የዓለም ሻምፒዮና ሜዳልያ በማግኘት የመጀመሪያው ሆነ። ስሙን በአውሮፓ መንደሮች ሁሉ ያስጠራው ግን መጋቢት 18 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 2022፣ ጌንት–ዌቨልገም ተብሎ ይጠራ በነበረው ውድድር ያገኘው ድል ነው።

ይህ ውድድር ከአምስቱ ሐውልቶች አንዱ ባይሆንም፣ እ.ኤ.አ. በ1934 የተጀመረ፣ ከእነርሱ በታች ባለው ማዕረግ ከሚከበሩት የሚቆጠር ነው። የሚካሄድበት መሬት ለወታደር አንባቢ እንግዳ አይሆንም። በዚያን ዓመት ተወዳዳሪዎቹ የተነሡባት የኢፕር ከተማ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት፣ ከ1914 እስከ 1918፣ ግንባር ነበረች። ደጋግመው የሚወጡት የኬሜል ኮረብታም በኤፕሪል 1918 ብርቱ ውጊያ የተደረገበትና ብዙ ወታደር ያለቀበት ነው። የኮረብታው ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 156 ሜትር ብቻ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አሥመራ ላደገ ሰው ይህ ጉብታ እንጂ ተራራ አይባልም። ነገር ግን ድንጋይ የተነጠፈበት፣ ቀጥ ያለና ከላዩ ነፋስ የሚጋረፍበት በመሆኑ ስንቱን ኃይለኛ አንበርክኳል።

ቢንያም መጀመሪያ በዚህ ውድድር ሊካፈል አላሰበም ነበር። ከሁለት ቀን በፊት፣ ዓርብ ዕለት፣ በዚያው አገር በሌላ ውድድር አምስተኛ ከወጣ በኋላ ነው ዕቅዱ ተለውጦ እሑድንም እንዲሮጥ የተወሰነው። 250 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ፣ ወደ መጨረሻው ላይ አራት ሰዎች ከሌሎቹ ተለይተው ወጡ። ከእርሱ ጋር ፈረንሳዊው ክሪስቶፍ ላፖርት፣ ቤልጅየማውያኑ ድሪስ ቫን ጌስተልና ያስፐር ስቱይቨን ነበሩ። ሦስቱም በዚያ መንገድ የተፈተኑ ናቸው። በእንዲህ ያለው ጊዜ ተወዳዳሪ ሁሉ ከሌላው ጀርባ መሸሸግን ይመርጣል፤ ከፊት የሚሄደው ነፋሱን ስለሚሰብር፣ ከኋላው ያለው ብዙ ጉልበት ይቆጥባልና። ቢንያም ግን መስመሩ ገና ሩቅ ሳለ ከኋላ ተወርውሮ ወጣ። ላፖርት ተከተለው፤ ተጠጋው፤ አልደረሰበትም። 22 ዓመት ሊሞላው ስድስት ቀን የቀረው ወጣት እጁን አፉ ላይ ጭኖ፣ ራሱም የሠራውን ማመን እንዳቃተው ሰው ሆኖ ገባ።

«ታዲያ ይህ ከታላላቆቹ ተርታ አያስገባውም?» አለች እማወራዋ።

እውነቱን መሸሸግ አይገባንም። በዚያው ውድድር የአሸናፊዎች መዝገብ ላይ ቫን ሎይም መርክስም ሦስት ሦስት ጊዜ ተጽፈዋል፤ ቢንያም አንድ ጊዜ። እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ማብቂያ ድረስ ከአምስቱ ሐውልቶች አንዱንም አላሸነፈም። በቁጥርም ሆነ በመሬት ዓይነት ከተለካ፣ ከመርክስና ከደ ቭላሚንክ ጎን አናስቀምጠውም። የጎረቤታችን ልጅ ነው ብለን ሚዛኑን ብናዘነብል እርሱን ማክበር አይሆንም፤ ያላግባብ የተሰጠ ኒሻን ለተሸላሚው ሸክም መሆኑን የጦር ሠፈር ሰው ያውቀዋል።

ይሁን እንጂ ሌላም መለኪያ አለ። አበበ ቢቂላን እናስታውስ። የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም፣ በ1964 በቶኪዮ ማራቶንን አሸነፈ። የኦሎምፒክ ወርቁ ሁለት ነው፤ ከእርሱ በኋላ ከዚያ የበለጠ ወርቅ ያገኙ ሯጮች አሉን። ሆኖም አበበን ከእነርሱ በታች የሚያስቀምጥ ኢትዮጵያዊ የት ይገኛል? ተዘግቶ የነበረውን በር የከፈተ እርሱ ነውና። በ1968 ማሞ ወልዴ በሜክሲኮ ሲያሸንፍ የገባው በዚያው በር ነው። በብስክሌትም ቢሆን መንገዱ በአንድ ጀምበር አልተጠረገም። አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በ1956 የሜልቦርን ኦሎምፒክ ከሯጮቻችን ጋር ገረመው ደንቦባን የመሳሰሉ ብስክሌተኞች ተሰልፈው ነበር። ከዚያ 60 ዓመት ቆይቶ፣ በ2016፣ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ሦስቱ አምስቱን ሐውልቶች የጨረሱ ጀግኖች ሁሉ ቤልጅየማውያን መሆናቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በቤታቸው ደጃፍ ውድድር ሲያልፍ እያዩ ያደጉ ናቸው። ቢንያም ወደዚያ ደጃፍ የደረሰው ባሕር ተሻግሮ፣ ብርዱንም ቋንቋውንም ድንጋዩንም እንደ አዲስ ተምሮ ነው። ከእርሱ በፊት ከጥቁር አፍሪካውያን እንዲህ ያለውን ታላቅ የአንድ ቀን የፀደይ ውድድር ያሸነፈ አልነበረም። የቢንያም ቦታ እንግዲህ ከዙፋኑ ላይ ሳይሆን ከበሩ ዘንድ ነው። የበር ከፋች ክብር ሙሉ የሚሆነው ግን ከኋላው የሚገቡ ሲኖሩ ስለ ሆነ፣ የቀረውን ፍርድ ተከታዮቹ ይሰጡታል።

በዚህ ሁለቱም ተስማሙ። የተጣሉት በረካው ላይ ነው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ጌንት–ዌቨልገም በተጠናቀቀ በሚቀጥለው እሑድ የሚካሄደው ከአምስቱ ሐውልቶች አንዱ፣ ፍላንደርስ ነበር። ሁሉም ሰው ቢንያም እንደሚቀርብ ጠበቀ። እርሱ ግን ዕቅዱን እንደማይለውጥ፣ ወደ አገሩ እንደሚመለስ አስታወቀ። ከሚስቱና ከሕፃን ልጁ ከተለየ ሦስት ወር ሆኖት ነበርና።

አባወራው፣ «ይህ ስሕተት ነው» አለ። «ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው። ጉልበቱ በሞላበት ሳምንት፣ ስሙ በተፈራበት ሳምንት መሄድ ነበረበት? ቤቱ የትም አይሄድ። ይኸው ፍላንደርስን ሳያሸንፍ ዓመታት አለፉ።»

ይህ ቀላል ክርክር አይደለም። የአንድ ቀን ውድድር ዕድል ተመልሶ ለመምጣቱ ዋስትና የለውም። በዚያን እሑድ ፍላንደርስን ያሸነፈው የኔዘርላንዱ ማቲዩ ቫን ደር ፑል ነው። ቢንያም ቢኖር ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር ማንም ሊምል አይችልም።

እማወራዋ ግን መልስ ነበራት። «ከሰባት ሳምንት በኋላ በኢጣሊያው ዙር ውድድር፣ ዬዚ በተባለችው ከተማ፣ ያንኑ ቫን ደር ፑልን አልቀደመውም? ቤቱ ደርሶ መመለሱ እግሩን አሰነፈው?» አለች። እውነት ነው፤ ሜይ 17 ቀን 2022 ቀድሞታል። በዚያው ቀን በሽልማቱ መድረክ ላይ የወይን ጠርሙሱ ቡሽ ተፈናጥሮ ዓይኑን ስለ መታው ውድድሩን ለማቋረጥ ተገደደ እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ በቱር ደ ፍራንስ በሦስት ቀን ውሎዎች አሸንፎ፣ የነጥብ መሪ የሚለብሰውን አረንጓዴ ማልያ እስከ መጨረሻው ይዞ አጠናቋል።

ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንተ ራስህ» አለችው፣ «የዓመት ፈቃድህ ደርሶ ሳለ፣ ይህ ሥልጠና አያምልጠኝ ብለህ በገዛ ፈቃድህ አስተላለፍኸው። ትመጣለህ ብዬ ልጁን አሳምሬ አልብሼ ጠብቄህ ነበር። ኋላ በመጣህ ጊዜ ከቀሚሴ በስተ ኋላ ተሸሽጎ፣ ‹ይህ ሰውዬ መቼ ነው የሚሄደው?› ብሎ የጠየቀኝን ረሳኸው?»

ቤቱ ጸጥ አለ። አባወራው ባዶውን ሲኒ በጣቶቹ መካከል አዟዟረው። ቆይቶም፣ «አልረሳሁትም» አለ፤ «‹አባባ› ብሎ እስኪጠራኝ ድረስ ከሁለት ወር በላይ ፈጅቶብኛል።» ስለ ፍላንደርስ ከዚያ በኋላ አላነሣም።

ውድ አንባብያን፣ እኛ ከናካዋ ይዘን የተመለስነው ፍርድ ይህ ነው። ወታደር እንደ ብስክሌተኛ አይደለም። ግዳጅ ሲታዘዝ «ቤቴ» አይልም፤ ሚስቱም ይህን አውቃ ያገባችው ናት። ስለዚህ ቢንያም እንዳደረገው አድርጉ ብለን ለማንም ልንደነግግ አንችልም። ነገር ግን ከትእዛዝ ውጭ የሆነ፣ ምርጫው በገዛ እጃችን ያለ ጊዜም አለ፤ ፈቃድ ደርሶ ሳለ «ይህችን ብቻ ልጨምር» የምንልበት ጊዜ። ሒሳባችንን በትክክል መሥራት የሚገባን በዚያን ሰዓት ነው። የሚቀረው ሽልማት በመዝገብ ላይ ይታያል፤ ባዶ የዋለው የቤት ወንበር ግን በማንም መዝገብ አይጻፍም።

ከዚህ ተነሥተን ሦስት ነገር እንመክራለን። አንደኛ፣ ባል ለቤቱ የቀጠረውን ቀን እንደ ግዳጅ ቀን ይቁጠረው፤ ካልተቻለም ምክንያቱን ሳይውል ሳያድር ያሳውቅ፤ ሚስት ከሰው አፍ እንድትሰማ አይተዋት። ሁለተኛ፣ ሚስት በመለየቱ ወራት የአባትን ስምና ፎቶግራፍ ከልጆቿ ፊት አታርቅ፤ ሕፃን የሚረሳው ያልተነገረውን ነው። ሦስተኛ፣ ባል ድል አድርጎ ማዕረግ ወይም ምስጋና ባገኘ ቀን፣ ከፊቱ ሆኖ ነፋሱን የሰበረለት ማን እንደ ሆነ ይጠይቅ። በብስክሌት ውድድር የዚያ ሰው ስም በአሸናፊዎች መዝገብ ላይ አይገኝም፤ አሸናፊው ግን ማን እንደ ነበር ያውቃል።

ማታ ላይ ከናካዋ ስንወጣ፣ አንድ ሰው ባዶ ብስክሌቱን እየነዳ በጂንጃ መንገድ ወደ ቤቱ ሲመለስ አየን። ሙዙን ሸጦ ጨርሷል። ከኋላው መቀመጫ ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ዳቦ አስሮ ነበር።

ለሳምንት በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ፣ ቤታችሁን ሰላም ያድርገው።